ትንሽ ሻማ፣ በቤት የተሠራ ማቆሚያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጸሎት፣ ለመታሰቢያ ወይም ለተመስጦ የሚበራ ትንሽ ሻማ ማቆሚያ በገዛ እጃቸው መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ሻማው የጣት ያህል ነው፤ ይህን ያህል ጥንቃቄ ምን አመጣው?

ሻማው ቢያንስም እሳቱ አያንስም። የሻማ ነበልባል በጣም በሚግልበት ቦታ ወደ 1400 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ይህ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያው ነው። ቀጭኑን ይበልጥ አስቸጋሪ የሚያደርገው እግሩ ጠባብ በመሆኑ ቶሎ መውደቁ፣ አጭር በመሆኑም ነበልባሉ ማቆሚያው ዘንድ ፈጥኖ መድረሱ ነው።

ሌላው ምክንያት ከሻማው ይልቅ ሻማውን ከሚያበራው ሰው ይመጣል። መብራት ሲጠፋ የተለኮሰን ሻማ ማንም ሲበቃው እፍ ብሎ ያጠፋዋል። ለጸሎት ወይም ለሟች መታሰቢያ ያበራው ሰው ግን ማጥፋት አይወድም፤ «ራሱ ይጨርስ» ይላል። ስለዚህ የእነዚህ ሻማዎች ማቆሚያ ሌላው ማቆሚያ እምብዛም የማያየውን ነገር በየጊዜው ያያል፤ የመጨረሻዋን አንድ ሳንቲ ሜትር። ያን ጊዜ ሰሙ ሁሉ ቀልጧል፣ ክሩ ተጋድሟል፣ ነበልባሉ ማቆሚያውን ይልሳል። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ስለዚያች ሳንቲ ሜትር ነው።

ሰም ጠብ አድርጌ ሳህን ላይ ባጣብቀው አይበቃም?

አጠገቡ ተቀምጠው ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይበቃል። ችግሩ ማጣበቂያው ራሱ ሰም መሆኑ ነው። ፓራፊን እንደ ዓይነቱ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የንብ ሰም ደግሞ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ገደማ። ነበልባሉ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሳህኑ ይሞቃል፣ ማጣበቂያው ይለሰልሳል፣ የቀረው ጉማጅ ይጋደማል። የሚወድቀውም ሰው ትኩረቱን ባነሳበት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ሻማውን ከታች ብቻ ሳይሆን ከጎኑም የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል።

ከመጀመሬ በፊት ምን ምን ልለካ?

የሻማውን ውፍረት ከእግሩ በኩል ይለኩ፤ ብዙ ሻማዎች ወደ ላይ ስለሚቀጥኑ ከመሐል የተወሰደ ልክ ያሳስታል። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አንድ ዙር ጠምጥመው ርዝመቱን ለ3.14 ያካፍሉት። ወረቀቱ 38 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሻማው ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል ማለት ነው። ለትንንሽ ሥርዓቶች ከሚሸጡት ሻማዎች ብዙዎቹ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አላቸው። ኬክ ላይ የሚቆሙት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ጧፍ ደግሞ ከዚያም ሊቀጥን ይችላል።

የሚይዘው ጉድጓድ ለ10 ሳንቲ ሜትር ሻማ ከ1 ተኩል እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ ይበቃል። መቀመጫው ደግሞ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። ጽናቱን ለመፈተን ያልበራ ሻማ ይተክሉበትና 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ሳንቃ ላይ ያስቀምጡት፤ የሳንቃውን አንድ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ። ይህ ወደ 10 ዲግሪ ዘንበል ማለት ነው። በሁሉም አቅጣጫ አዙረው ሲሞክሩት ካልተገለበጠ ደኅና ነው።

ከምን ልሥራው?

ከብረት፣ በእሳት ከተተኮሰና ከሚያብለጨልጭ ሸክላ፣ ከሴራሚክ፣ ከድንጋይ። ከአንድ ዕቃ ሦስት ነገር ይፈልጋሉ፤ እንዳይነድ፣ ሰም እንዳይመጥ፣ ክብደት እንዲኖረው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስብና ሁለተኛውን ይረሳል። ሰም የመጠጠ ማንኛውም ነገር፣ ድንጋይም ቢሆን፣ እንደ ክር ሆኖ ሊነድ ይችላል።

ፕላስቲክ፣ ካርቶን፣ የደረቀ ቅርፊት፣ ቡሽ፣ ስፖንጅ፣ ቫርኒሽ ወይም ቀለም የተቀባ ዕቃ አይሁን። ከወንዝ የተነሳ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ሊኖረው ስለሚችል ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ለብዙ ቀን ደረቅ ቦታ ላይ ይክረም። በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተበየደ ነገርም አልወድም፤ የተለመደው ቅይጥ በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ነበልባሉ አጠገቡ ሲደርስ ማቆሚያው ራሱ ሊፈታ ይችላል።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠናቀቅ የሚችለው ቀላሉ ሥራ የቱ ነው?

ዳዶ። የቡሎን ዳዶ ከባድ ነው፣ አይነድም፣ ሰም አይመጥም፣ በየመጠኑ ይገኛል፤ የውስጡ ጥርስም ሻማውን ነክሶ ይይዛል። ሌላ ንድፍ የሞከርኩት ከዚህ የተሻለ አገኝ እንደሆን እንጂ ዳዶው ጎድሎት አይደለም፤ እስካሁንም አላገኘሁም።

መጠን ሲመርጡ በዳዶው ላይ የተጻፈው ቁጥር የቡሎኑ ውፍረት እንጂ የቀዳዳው ስፋት አለመሆኑን ያስታውሱ። የኤም 8 ዳዶ ቀዳዳ 6.6፣ የኤም 12 ቀዳዳ 10.1፣ የኤም 14 ቀዳዳ 11.8፣ የኤም 16 ቀዳዳ 13.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ለ12 ሚሊ ሜትር ሻማ ኤም 14 ይያዙና የሻማውን እግር በቢላዋ በትንሹ ይፋቁት፤ አጥብቆ ይቀበለዋል። አዲስ ዳዶ የማሽን ዘይት ስለሚኖረው በሳሙና ያጥቡት። አንዱ ዳዶ ብዙ ጊዜ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚረዝም ሁለት ደራርቦ መትከል ይሻላል።

ዳዶው ብቻውን ቆሞ እንዳይቀር ሰፊ መቀመጫ ላይ ይታሰር። ብየዳ የሚችል ሰው ከብረት ሳህን ጋር ይበይደው። ሌላው ደግሞ ዝቅ ባለ የጣሳ ክዳን ወይም ሳህን ውስጥ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ አፍስሶ፣ ሳይደርቅ ዳዶዎቹን ግማሽ ድረስ ይትከል፤ ቀዳዳቸው እንዳይደፈን ቀድሞ በሰም ይሙላው። ለምድጃ ወይም ለሞተር የሚሠራ ሙቀት ቻይ ሲሊኮንም ይሆናል። ተራ ኢፖክሲ ግን ይቅር፤ ብዙዎቹ ከ100 ዲግሪ በታች መለስለስ ይጀምራሉ። በጠመንጃ መሳይ መሣሪያ እየቀለጠ የሚወጣው ሙጫማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

ለጧፍ አሸዋ የተሞላ ሳህን እንዴት ነው?

ለቀጭን ጧፍ ከሁሉ የሚስማማው እሱ ነው፤ ውፍረት መለካት የለ፣ ቀዳዳ መብሳት የለ። ሳህኑ ብረት ወይም የተተኮሰ ሸክላ ይሁን፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ይጥለቅ። አሸዋው ታጥቦ፣ ተነፍቶ፣ ፈጽሞ የደረቀ ይሁን። ጧፉን ከቁመቱ ሲሶ ያህል ይቅበሩትና ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ ያድርጉ። የአትክልት አፈር በአሸዋ ምትክ አይሆንም፤ ሥር፣ ፍግና ቅጠል ስላለበት ራሱ ይጨሳል፣ ይነዳልም።

የአሸዋ ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በእያንዳንዱ ጧፍ ጥቂት ሰም ወደ አሸዋው ይሰርጋል፤ የተቃጠሉ ክሮችና የክብሪት እንጨቶች ይከማቻሉ። ከወራት በኋላ ላዩ አሸዋ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ብዙ ክር ያለው አንድ ትልቅ ሻማ ይሆናል። ስለዚህ ከጥቂት አገልግሎት በኋላ የረጋውን ሰም በማንኪያ ያንሱ፣ ቀሪውን በወንፊት ይንፉት፤ አሸዋው ጠቁሮ እጅ ላይ የሚያሟልጭ ከሆነ ይቀይሩት።

አሸዋ በሌለበት ጨው ይተካዋል። ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው፤ አይነድም። ግን እርጥበት ይስባል፣ የብረት ሳህንን ያዝጋል፤ ስለዚህ ሸክላ ውስጥ ይሁን።

ነፋስ ባለበት ቦታ ከጣሳ መከለያ መሥራት እችላለሁ?

ይችላሉ። ጣሳ ለመብሳት ሲሞክሩ እንዳይጨማደድ ውሃ ሞልተው በረዶ ያድርጉት፤ ከዚያ በፎጣ ላይ አስተኝተው ቀዳዳዎቹን በምስማርና በመዶሻ ይምቱ። በረዶው ከውስጥ ይደግፈዋል። ቀዳዳ ከታችም ከላይም ያስፈልጋል። ነበልባል ንጹሕ አየር ከታች ይስባል፣ የሞቀውን ከላይ ይለቃል፤ ከታች ቀዳዳ ከሌለው ይጨሳል፣ ይርገበገባል፣ ጥላሸት ይጥላል። የአፉን ስለት በፒንሳ ወደ ውስጥ ያጥፉት ወይም በሞረድ ያለስልሱት።

የምግብ ጣሳ ውስጡ በስስ ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ መጀመሪያ ሲሞቅ ይሸታል። የመጀመሪያውን ሻማ ደጅ ያብሩበት። ታቹም በጣም ስለሚግል ከሥሩ ሴራሚክ ወይም ድንጋይ ይነጠፍ፤ መከለያ ሆነ እንጂ ጠረጴዛን ከሙቀት አያድንም።

የመጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ባስቀምጠውስ?

ተራ ብርጭቆ ሙቀት ሲለዋወጥበት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ጎን ሞቆ ሌላው ሲቀዘቅዝ የሞቀው ይለጠጣል፣ የቀዘቀዘው ግን አይከተለውም። ለምድጃና ለቤተ ሙከራ የሚሠራው ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ በሙቀት የሚለጠጠው የተራውን ሲሶ ያህል ብቻ ስለሆነ የበለጠ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ተራ ነው ብለው ይገምቱ።

ተራውን የሚጠቀሙ ከሆነ ታቹ ወፍራም፣ አፉ ሰፊ ይሁን፤ ከሥሩ 2 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ያድርጉና ሻማውን መሐል ላይ ይትከሉ። የተጫረ፣ የተሸራረፈ ወይም አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ይጣል። ሞቆ እያለ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አያስቀምጡት፣ በእርጥብ ጨርቅም አይንኩት።

የእንጨት ማቆሚያ ሱቅ ውስጥ ሞልቷል፤ ታዲያ እኔ ብሠራው ምን አለበት?

ሱቅ ውስጥ ያለውን በደንብ ይመልከቱት፤ ደኅና ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ሻማው የሚገባበት ላይ የብረት ወይም የብርጭቆ ስኒ አለው። እንጨቱ ጌጥ ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ስኒው ነው።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያ ማቆሚያዬ በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚያምር የእንጨት ጉማጅ ነበር። ቀዳዳውን በአሉሚኒየም ፎይል ለብጬ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ሻማው ሲያልቅ ሌላ ክፍል ነበርኩ፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ስለነበር ልቤ ተረጋጋ። ከሰዓት በላይ ቆይቶ ግን ቤቱ የከሰል ሽታ ሸተተኝ። ቀዳዳው ዙሪያውን ከስሎ፣ ያለ ነበልባል ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ነበር። ፎይሉ ምንም አልሆነም፤ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። ስስ በመሆኑ ግን ሙቀቱን እንዳለ ለእንጨቱ ያሳልፋል፤ እንጨት ደግሞ ለመክሰል ያን ያህል ሙቀት አይፈልግም።

እንጨት የግድ ካስፈለገዎ ቀዳዳውን ከዳዶው ወይም ከብረት ስኒው በጣም አስፍተው ይብሱት፤ ስኒው በሰፊ ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሎ ዙሪያውንና ከሥሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍት አየር ይኑረው። ላዩን ደግሞ ከ6 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ሮንዴላ (መሐሉ የተበሳ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) ወይም የብረት ሳህን ይሸፍኑት። እንዲህም ሆኖ የእንጨት ማቆሚያ አጠገቡ ሰው ላለበት ሻማ ነው።

አየር ላይ የሚደርቅ ጭቃ፣ ጀሶ፣ ሲሚንቶ፤ የትኛው ይሻላል?

«አየር ላይ የሚደርቅ» ተብሎ ለዕደ ጥበብ ከሚሸጠው ጭቃ ብዙው የወረቀት ጭረት ወይም ሙጫ አለበት፤ ሻማ ሊሸከም ይችላል፣ ነበልባል ግን አይችልም። በቤት ምድጃ የሚጋገረው ባለ ቀለም ጭቃማ ፕላስቲክ ነው፤ ሲግል ይቃጠላል፣ ጭሱም ጎጂ ነው። በዱቄትና በጨው የተቦካውን ሊጥ ለልጆች መጫወቻ ይተዉት።

ጀሶ አይነድም፣ ቅርጽም ይወጣለታል፤ ግን ሰም እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፣ በተደጋጋሚ ሲሞቅም ይፈረፈራል። ከብረት ስኒ ጋር ካልሆነ አልመክረውም። ሲሚንቶ ይሻላል፤ ከባድ ነው፣ ሰፊ መቀመጫ ይሆናል። አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ እሳት አያቅርቡበት፣ ውስጡ የቀረ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሊሰነጥቀው ይችላል። በሸክላ ሠሪ ምድጃ የተተኮሰ ሸክላ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚያብለጨልጭ ቅብ ካለው ሰም አይመጥም፣ ለማጽዳትም ይቀላል።

ቀዳዳው ሰፍቶ ሻማው ይወዛወዛል፤ በምን ላጥብቀው?

በወረቀት፣ በጥጥ፣ በጨርቅ፣ በፕላስተር ወይም በክብሪት እንጨት እንዳያጠብቁት። እነዚህ ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት ተጨማሪ ክር ይሆናሉ። በእጅ የታሸ ለስላሳ የንብ ሰም ዙሪያውን ይጠቅጥቁ፣ ወይም የአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ይግባ። ፎይሉ ከቀዳዳው በላይ እንዳይወጣ፤ ከወጣ እንደ ጽዋ ሆኖ ሰም ያቁራል። ሻማው ከቀዳዳው ከወፈረ ደግሞ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ነክረው እያዞሩ ያስገቡት፤ በጉልበት ከገፉት ከመሐሉ ይሰበራል።

ሰሙ በአንድ በኩል እየፈሰሰ ጠረጴዛ ያበላሻል። ማቆሚያው ነው ጥፋተኛው?

አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ ነው። ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ያን ጎን አብልጦ ያቀልጠዋል፣ የሰሙ ግድብ እዚያ ይፈርሳል። ሻማውን ከመስኮት፣ ከበርና ከማራገቢያ መስመር ያውጡት። ክሩን ከማብራትዎ በፊት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይቁረጡት፤ ረጅም ክር ነበልባሉን ያገዝፋል፣ ጥላሸትም ያበዛል። ቀጥ ብሎ መቆሙንም ያረጋግጡ።

ሰም የነካው ማቆሚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ ሰሙ እየተፈነገለ ይወጣል። በሙቅ ውሃ አቅልጠው ወደ ፍሳሽ አይድፉት፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል።

ሰባት ወይም አሥር ሻማ አንድ ማቆሚያ ላይ መደርደር እፈልጋለሁ። ምን ያህል ላራርቃቸው?

ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። ሰው ሁሉ «በዛ» ይለኛል፤ የሚያምረው መቀራረቡ ነውና። ነገር ግን የተቀራረቡ ሻማዎች አንዱ የሌላውን ጎን ያቀልጣሉ፣ ይጎብጣሉ፣ ከዚያ አንዱ በሌላው ላይ ይጋደማል። በትንሽ የቆርቆሮ ስኒ የሚሸጡት ጠፍጣፋ ሻማዎች ደግሞ ሲቀራረቡ የበለጠ ያስፈራሉ፤ ስኒው ውስጥ ያለው ሰም ሁሉ በጎረቤቱ ሙቀት ጭምር እየጋለ ሄዶ ከክሩ ውጭ በሙሉ ገጹ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሻማዎቹን በተለያየ ከፍታ መደርደር ከፈለጉ አንዱ ከሌላው ራስ በላይ እንዳይሆን። በነበልባል አናት ላይ የሚወጣው አየር ከጎኑ ካለው ይልቅ እጅግ ይሞቃል። ዙሪያውን ከመጋረጃ፣ ከወረቀት፣ ከደረቀ አበባ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ላይ ደግሞ ከመደርደሪያ በብዙ ያርቁ።

ሻማውን ዘይት ቀብቼ፣ የደረቀ ቅጠል ነስንሼበት ነው የማበራው። ማቆሚያው መለወጥ አለበት?

አዎ፣ በጣም። ሰም ለብቻው በቀላሉ አይነድም፤ ክሩ የቀለጠውን ስቦ ወደ ተን ሲለውጠው ነው የሚነደው። ቅጠል፣ ጥብጣብ፣ የተጻፈበት ወረቀት፣ የተፈተለ ክር ሻማው ላይ ሲታከል እያንዳንዱ አዲስ ክር ነው። አንድ ነበልባል የነበረው በድንገት ሦስት አራት ይሆናል፣ የሚነደውም ቁራጭ ከሻማው ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ዓይነቱ የሻማው ማቆሚያ ጠርዝ ያለው፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ሰፊ የብረት ሳህን መሐል ይቀመጥ፤ የወደቀ ሁሉ እዚያው ይቅር። ቅጠሉን ሻማው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ በሳህኑ ጠርዝ ዙሪያ፣ ከሻማው ርቆ ቢነሰነስ ትርጉሙ የሚጎድል አይመስለኝም፤ ይህን የሚወስነው ግን የሥርዓቱ ባለቤት ነው። ዘይቱን ከመጠን በላይ አይቀቡ፣ ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ፣ እጅዎን ሳይታጠቡ ክብሪት አይጫሩ። ወረቀት መቃጠል ካለበት በተለየ ጥልቅ የብረት ዕቃ ይቃጠል።

ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ማቆም ደኅንነት ይጨምራል?

በአንድ መንገድ ይጨምራል፣ በሌላ መንገድ ይቀንሳል። ማቆሚያው እንደ ደሴት ከውሃው በላይ ቆሞ ዙሪያው ውሃ ከሆነ፣ የወደቀ ሻማም የተበተነ ፍንጣሪም ይጠፋል፤ ይህን እወደዋለሁ። ውሃ ሻማው በቆመበት ቀዳዳ ወይም ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። የጋለ ሰምና ውሃ በጠባብ ቦታ ሲገናኙ ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሰሙን ይረጨዋል።

በተደፋ የሸክላ ድስት ብሸፍነው ክፍሉንም ያሞቅልኛል ይላሉ። እውነት ነው?

ድስቱ ከሻማው የሚወጣውን ሙቀት ቅንጣት አይጨምርም፤ ያቆየዋል እንጂ። የሚያደርገው ሙቀቱን በጠባብ ቦታ አምቆ ሻማዎቹን ማጋል ነው፤ ሰሙ በሙሉ ገጹ የሚቀጣጠለው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው። ቅብ የሌለው ሸክላ ሰምና ተኑን ሊመጥም ይችላል። እሳት ያስነሳ የቤት ሙከራ ስለሆነ አይሥሩት።

ሠርቼ ጨረስኩ። ደኅና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አንድ ሻማ መሥዋዕት ያድርጉለት። ጸሎት የለ፣ ሥርዓት የለ፤ ደረቅ ፈተና ብቻ። ደጅ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ ያብሩትና አጠገቡ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ይመልከቱ። ክዳን የሚሆን የብረት ሳህን እጅዎ አጠገብ ይኑር።

መጀመሪያ ያለው ሰዓት ምንም አያሳይም፤ ሁሉም ማቆሚያ ያን ጊዜ ጨዋ ነው። የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ላይ ልብ ይበሉ። ጉማጁ ዘንበል ይላል? የቀለጠው ሰም ቀዳዳው ውስጥ ይጠራቀማል ወይስ ወደ ሳህኑ ይፈሳል? ክሩ ሲጋደም ነበልባሉ ይገዝፋል? ወዲያው እንደጠፋ ማቆሚያውን አንስተው የነበረበትን ቦታ በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፤ እጅዎን ማቆየት ካልቻሉ መቀመጫው ይወፍር ወይም ከሥሩ እግር ይታከልበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ያሽትቱት። ጠፋ ያሉት ነገር የሚጨሰው ያን ጊዜ ነው።

ሻማው እስከ መጨረሻው መንደድ አለበት፤ እኔ ግን መተኛት አለብኝ። ምን ላድርግ?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ የምሰጠው መልስም ሰውን አያስደስትም። ተኝተው ወይም ከቤት ወጥተው ሊተዉት የሚችሉት በቤት የተሠራ ማቆሚያ የለም። የእኔም ቢሆን። የእቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ የሚረዳው ገንዳው ብረት ከሆነና ከላዩ መጋረጃ ከሌለ ነው፤ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል።

የተሻለው መንገድ ማቆሚያውን ማጠንከር ትቶ ሻማውን ማሳጠር ነው። አንድ ሻማ ላይ በየሳንቲ ሜትሩ በጥፍር ምልክት ያድርጉና አንዱ ሳንቲ ሜትር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይቁጠሩ። 12 ደቂቃ ከፈጀ 10 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት ሰዓት ነው። ለመቀመጥ ያለዎት 40 ደቂቃ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ጨምሮ ቁመቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ትንሽ እንዲተርፍ አድርገው ከእግሩ በኩል በሞቀ ቢላዋ ይቁረጡት። ያኔ ሻማው ተነድዶ ያልቃል፣ እርስዎም አይተው ይነሳሉ። ሌሎች ሰዎች ሻማውን በሰባት ወይም በዘጠኝ ከፍለው በየቀኑ አንዱን ክፍል ያነዳሉ፤ ሲያበቁ በብረት ክዳን ይደፉታል፣ ትንፋሽ አይነካውም። የቀናት መብራት የግድ ለሆነበት በባትሪ የሚሠራ አለ፤ ይህን የሚፈቅድ ልማድ እንዳለ ሁሉ የማይፈቅድም አለ።

ሰሙ ራሱ ቢቀጣጠል ምን ላድርግ?

ውሃ እንዳያፈሱበት። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ 1700 ጊዜ ያህል ይጨምራል፤ ከጋለ ሰም ሥር ገብቶ እንዲህ ሲሰፋ የሚነደውን ሰም ወደ ፊትዎ ይረጨዋል። አያንሱት፣ አይጎትቱት፣ እፍ አይበሉት። በብረት ክዳን፣ በድስት ወይም በሳህን ይድፉትና አየር ይንሱት፤ ሰሙ እስኪበርድ ክዳኑን አይክፈቱ፣ ቶሎ ከተከፈተ እንደገና ሊነሳ ይችላል። ደረቅ አሸዋም ይሆናል። ካልተቻለ ወጥተው በሩን ይዝጉና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ።

የቀለጠ ሰም ቆዳ ላይ ከወደቀ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይያዙት። ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ሰም በኃይል አይላጡ፤ ቅቤ፣ ዘይት ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ። ውሃ ከቋጠረ፣ ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊትና ዓይን ከነካ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የሠራሁትን ለሌላ ሰው ስጦታ ብሰጠውስ?

እርስዎ የሞከሩት በአንድ ዓይነት ሻማ ነው፤ ተቀባዩ ግን እጁ ላይ የተገኘውን ይተክልበታል። ስለዚህ ከሥሩ በምስማር ይጻፉበት፤ የሻማው ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ፣ ስንት ጊዜ እስከ መጨረሻ እንደተሞከረ። ከፈተናው የተረፈ አንድ ሻማ አብረው ይስጡት። እኔ ለአንዲት አክስቴ የሰጠኋት ላይ «12 በ100፤ ሦስት ጊዜ፤ ሳይተኙ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የመጨረሻውን ቃል የጻፍኩት አመሏን ስለማውቅ ነው።